ሕጉ ሳይጸና በፊት፤ ስለ ሦስቱ የመንግሥት ሥልጣኖችና ስለ ምክር ቤት ኮሚቴዎች አሠራር

ነጋዴ ዕቃ ከመግዛቱ አስቀድሞ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ዋጋውን ከመቁረጡ አስቀድሞ መንገዱንና የጭነቱን ሒሳብ ያጣራል። የሚነግድበትን ሕግ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ከወጣ በኋላ ነው። አዲስ ግብር መጣ ወይም የፈቃድ አሰጣጥ ተለወጠ ሲባል፣ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ ወሬው ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራል፤ ቅሬታው ይበዛል፤ አቤቱታም ይጻፋል። ይሁን እንጂ አቤቱታው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ነገሩን ለመለወጥ ሥልጣን ለሌለው ሹም ነው፤ የሚደርሰውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህ እንዳይሆን ነጋዴው ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልገዋል። አንደኛው፣ በእጁ የገባው ወረቀት ከሦስቱ የመንግሥት ሥልጣኖች ከየትኛው እንደ ወጣ መለየት ነው። ሁለተኛው፣ ሕግ ገና ሳይጸና፣ ቃሉ ሊታረም በሚችልበት ጊዜ፣ የት እንደሚገኝ ማወቅ ነው። ያም ቦታ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ሥልጣን በአንድ እጅ በነበረ ጊዜ

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች ላይ የሚሾመው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ነጋድራሱ ከሲራራው ነጋዴ ላይ ቀረጥ ይቀበላል፤ የገበያውን ሥርዓት ይወስናል፤ ነጋዴና ነጋዴ ሲካሰሱም ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል። ሥርዓቱን የሚወስነው፣ ገንዘቡን የሚሰበስበውና ክርክሩን የሚሰማው አንድ ሰው ስለ ነበረ፣ «ከልክ በላይ ቀረጥ ተወሰደብኝ» የሚል ነጋዴ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለዚያው ለወሰደበት ሰው ነበር። ደግ ሰው ሲሾም ነገሩ ይቃናል፤ ክፉ ሰው ሲሾም ግን ነጋዴው መጠጊያ አልነበረውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ብሂል የሚስማማው ሥልጣን ሁሉ በአንድ እጅ ለተያዘበት ኑሮ ነው።

ይሁንና ሥልጣንን ከፍሎ መያዝ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ወለጋ የመጫ ኦሮሞ ምድር ነው። የመጫ ኦሮሞ ሕግ የሚመከረው በኦዳ ቢሲል በሚደረግ ጉባኤ እንደ ነበረ ይታወቃል፤ የመኮ ቢሊም ስም በሕግ ደንጋጊነት እስከ ዛሬ ይጠራል። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳው በሥልጣን የሚቆየው 8 ዓመት ብቻ ነው፤ ጦር የሚመራው አባ ዱላም ሌላ ሰው ነው። ይህ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ሕዝቦች የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዛሬ የክልሉ ሕግ አውጪ የሚጠራበት «ጨፌ» የሚለው ስምም ሽማግሌዎች ለጉባኤ ከሚቀመጡበት ለምለም መስክ የተወሰደ ነው።

ሦስቱ ሥልጣኖች

ሥልጣንን መክፈል ማለት መንግሥትን መከፋፈል ማለት አይደለም። መንግሥት አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ነው። ሕግ ማውጣት አንድ ሥራ ነው፤ የወጣውን ሕግ መፈጸም ሌላ ሥራ ነው፤ ክርክር ሲነሣ ሕጉን ተርጉሞ መፍረድ ደግሞ ሦስተኛ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሞንቴስኪዩ ስለ ሕጎች መንፈስ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ጉባኤ እጅ ከገቡ ነፃነት እንደማይኖር አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ነገሩ ለነጋዴ አስቸጋሪ አይደለም። ቡና በሚመዘንበት ጊዜ የሚዛኑን ድንጋይ ልክ የሚወስነው፣ ቡናውን የሚመዝነውና «ሚዛኑ ጎደለ» ተብሎ ጠብ ሲነሣ የሚፈርደው አንድ ሰው ቢሆን፣ ከዚያ ገበያ ቡናውን ይዞ የሚመጣ ገበሬ አይገኝም። የመንግሥትም ነገር እንዲሁ ነው።

በኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 50 የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎች እያንዳንዳቸው ሕግ የማውጣት፣ የማስፈጸምና የመዳኘት ሥልጣን እንዳላቸው ደነገገ። በፌዴራሉ መንግሥት ሕግ አውጪው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አስፈጻሚው ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ተርጓሚዎቹ ፍርድ ቤቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ከሕግ አውጪው ተለይቶ ስለሚመረጥ፣ ምክር ቤቱና ፕሬዚዳንቱ ከተለያየ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ግን በአንቀጽ 56 መሠረት አስፈጻሚውን የሚያቋቁመውና የሚመራው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው የፖለቲካ ድርጅት ወይም የድርጅቶች ጣምራ ነው። እንግዲህ ሚኒስትሩ ረቂቅ ሕግ ሲያቀርብ በምክር ቤቱ የሚጠብቀው የራሱ ወገን ነው። ስለዚህ ሙሉው ጉባኤ በተቀመጠ ጊዜ ረቂቁ ብዙ አይናወጥም። የቃሉ መታረም፣ የልኩ መቀነስና የቀኑ መራዘም የሚቻለው አባሎቹ በጥቂቱ ተቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ በሚመረምሩበት በኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ዓይነቱ መንግሥት የሥልጣን ክፍፍል በእውነት የሚፈተነውም እዚያ ነው።

ኮሚቴ ለምን አስፈለገ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሎች ቁጥር እስከ 550 ሊደርስ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይናገራል። ይህን ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ መቶ አንቀጽ ያለውን የግብር ሕግ ቃል በቃል ሊመረምር አይችልም። ስለዚህ አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 19 ምክር ቤቱ ለሥራው እንደሚያስፈልገው ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎችን እንዲያቋቁም ሥልጣን ይሰጠዋል። ጊዜያዊው ኮሚቴ ለአንድ ጉዳይ ይቋቋምና ጉዳዩ ሲያልቅ ይፈርሳል። ቋሚው ግን ግብርናን፣ ንግድን፣ በጀትና ገቢን፣ ሕግና ፍትሕን፣ የመንግሥት ወጪ ቁጥጥርንና ይህን የመሳሰለውን በየክፍሉ ይዞ ይቆያል። የኮሚቴዎቹ ቁጥርና ስም የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ ሥራቸው ግን አይለወጥም።

ኮሚቴው በራሱ ሕግ አያወጣም። ይመረምራል፣ ይጠይቃል፣ ያርማል፤ በመጨረሻም የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ቢሆንም ምክር ቤቱ ኮሚቴው ያላየውን ነገር አያይም ማለት ይቻላል።

የቀድሞው ፓርላማ የሚያስተምረው

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት 200,000 ሕዝብ ያለው እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ሁለት ሁለት እንደራሴዎች ይልክ ነበር፤ የወለጋ ከተሞችም በዚሁ ሥርዓት እንደራሴዎቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ይሰዱ ነበር። ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው በሕግ የተወሰነ ንብረት እንዲኖረው ግድ ስለ ነበረ፣ ከእንደራሴዎቹ ብዙዎቹ ባለርስቶች ነበሩ።

በዚያ ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት የወለጋው ተወላጅ አቶ ይልማ ዴሬሳ ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ የተዘጋጀው በእርሳቸው ሚኒስትርነት ዘመን ነው፤ በፓርላማውም ብርቱ ክርክር አስነሥቶ፣ ብዙ ተሻሽሎ ወጣ። የመሬት ባለቤትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለመወሰን የተዘጋጀው ረቂቅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ዕጣ ደረሰበት። ረቂቁ በፓርላማው ሲመላለስ፣ ሲጠናና ሲዘገይ ኖሮ፣ ሳይጸድቅ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ደረሰ። ፓርላማውም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ተዘጋ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። በአንድ በኩል፣ አንድ ረቂቅ በምርመራ ላይ ሲቆይ ሊሻሻል እንደሚችል ሁሉ እዚያው ሊቀበርም ይችላል። በሌላ በኩል፣ በኮሚቴው ክፍል ውስጥ የሚሰማው የተገኘ ሰው ድምፅ ነው። ባለርስቱ እዚያ ነበረ፤ ስለዚህ ተሰማ። ጭሰኛው አልነበረም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ሳይወሰን ቀረ። ነጋዴውም ከየትኛው ወገን እንደሚሆን የሚወስነው ራሱ ነው።

ረቂቅ ሕግ የሚሄድበት መንገድ

ዛሬ አንድ የፌዴራል አዋጅ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በአጭሩ እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስቴር ረቂቁን ያዘጋጃል። ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታይቶ ከተስማሙበት በኋላ ከማብራሪያ ጋር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይላካል። ረቂቅ የሚያቀርበው አስፈጻሚው ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛው ረቂቅ የሚመጣው ከእርሱ ዘንድ ነው።

2ኛ፤ ረቂቁ በምክር ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነበባል። አባሎቹ ስለ ጠቅላላ ዓላማው ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ነጋዴው ጆሮውን ማቅናት ያለበት በዚህ ቀን ነው፤ ረቂቁ ለየትኛው ኮሚቴ እንደ ተመራ በዜና ይነገራልና።

3ኛ፤ ኮሚቴው ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምራል። ያዘጋጁትን ባለሥልጣኖችና ባለሙያዎች ጠርቶ ያስረዳሉ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖች አስተያየት የሚሰጡበት የሕዝብ መድረክ ያዘጋጃል፤ በጽሑፍ የሚቀርብለትንም ይቀበላል። ከዚያም ማሻሻያዎቹን አጠቃሎ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ያዘጋጃል።

4ኛ፤ ሪፖርቱ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ክርክር ይደረጋል፤ ድምፅ ይሰጣል። ሕጉ የሚያልፈው በስብሰባው ከተገኙት አባሎች በአብላጫው ድምፅ ነው፤ ስብሰባውም የሚጸናው ከአባሎቹ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው።

5ኛ፤ የጸደቀው ሕግ ለፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ይቀርባል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፤ ባይፈርም እንኳ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። በመጨረሻም በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚወጣ ሲሆን በቃል ልዩነት ቢገኝ የጸናው አማርኛው ነው።

ለማስረጃ ያህል የኤክሳይዝ ታክስን ነገር ማንሣት ይበቃል። ይህ ረቂቅ በ2012 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ በቀረበ ጊዜ፣ በተለይ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ በሚያስመጡ ሰዎች ዘንድ ታላቅ ሥጋት ሆነ፤ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ የታሰበው ልክ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነበርና። ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ተመርቶ፣ የሕዝብ መድረክ ተደርጎበት፣ ከተወሰነ ማሻሻያ ጋር በየካቲት ወር አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሆኖ ጸደቀ። ከረቂቁ መቅረብ እስከ መጽደቁ የነበረው ጊዜ ጥቂት ወር ብቻ ነው። በእነዚያ ወሮች የተናገረ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ የተናገረ ግን ሊናገር የሚችለው ከጉምሩክ መጋዘን ደጃፍ ሆኖ ነው።

የንግድ ሕጉም ሌላ ምሳሌ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 አዲስ የንግድ ሕግ ጸደቀ። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ነገር ግን ስለ ቼክና ስለ ሐዋላ ወረቀት፣ ስለ ማጓጓዝና ስለ ኢንሹራንስ የሚናገሩት የቀድሞው ሕግ መጻሕፍት አልተሻሩም። ስለዚህ በቼክ የሚገበያይ የነጆ ወይም የመንዲ ነጋዴ የሚዳኝበት ሕግ ዛሬም የ1952ቱ ነው። ይህን የመሰለውን ልዩነት ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ሕጉን በወሬ ሳይሆን በጋዜጣው ሲያነቡት ነው።

ኮሚቴው ተቆጣጣሪ ሲሆን

የኮሚቴ ሥራ ረቂቅ በመመርመር ብቻ አያበቃም። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ጠርቶ እንዲጠይቅና የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህ ሥልጣን በዕለት ተዕለት የሚፈጸመው በኮሚቴዎች አማካይነት ነው። ኮሚቴው የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት ያዳምጣል፤ በየቦታው እየሄደ ሥራውን በዓይኑ ይመለከታል፤ የጎደለውን ያመለክታል።

ከሁሉ ይልቅ ለሒሳብ አዋቂ ነጋዴ የሚገባው የወጪ ቁጥጥር ነው። በአንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሪፖርቱን ይዞ ባለሥልጣኖቹን የሚጠይቀውም የወጪ ቁጥጥሩ ኮሚቴ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1861 የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ሰብሳቢው ከተቃዋሚው ወገን እንዲሆን ልማድ አድርጎታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሒሳብ መርማሪ የገንዘብ ያዡ ዘመድ ሊሆን አይገባውምና። በ2014 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው የኢትዮጵያ ምክር ቤትም ይህ ሰብሳቢነት የገዢው ፓርቲ አባል ላልሆነ ሰው ተሰጥቶ ነበር።

የወለጋ ነጋዴ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ መጓደል ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ጭነት ሲቆም፣ ባንክና ስልክ ሲቋረጥ አይቷል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የሚታወጀው አስቸኳይ ጊዜ እንኳ በሥልጣን ክፍፍል የታጠረ ነው። በአንቀጽ 93 መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነም በ15 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ መቅረብ አለበት። በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልጸደቀ ይሻራል። ከጸደቀ የሚቆየው እስከ 6 ወር ነው፤ የሚታደሰውም በየ4 ወሩ ነው። ምክር ቤቱ ከአባሎቹና ከሕግ ባለሙያዎች የመረጣቸው 7 ሰዎች ያሉበት መርማሪ ቦርድም አብሮ ይቋቋማል።

ለአዲስ አበባ ነው ወይስ ለጨፌ?

ኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ስለ ሆነች ሥልጣን በሦስት ከመከፈሉ በላይ በማዕከልና በክልል ደግሞ ተከፍሏል። ይህን ሳይለዩ የሚጻፍ አቤቱታ ከንቱ ድካም ነው። ወደ አገር ውስጥ በሚገባና ከአገር በሚወጣ ዕቃ ላይ የሚጣለው የጉምሩክ ቀረጥና ታክስ በአንቀጽ 96 የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በአንጻሩ በክልሉ ውስጥ የሚነግድ ግለሰብ ነጋዴ የሚከፍለው የንግድ ትርፍ ግብር በአንቀጽ 97 የክልሉ ነው። የድርጅቶች የትርፍ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 98 የሁለቱ የጋራ ነው።

እንግዲህ የነቀምቴ ቡና ላኪ ስለ ውጭ ንግድ ሕግ የሚጠይቀው አዲስ አበባ ያለውን ምክር ቤት ነው። ለምሳሌ የቡና ግብይትንና ጥራትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የፌዴራል ሕግ ነው፤ የምርት ገበያውን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 550/1999ም እንዲሁ። በነቀምቴ ገበያ ጨርቅ ወይም ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጥ ግለሰብ ባለሱቅ ስለ ትርፍ ግብሩ ሕግ የሚጠይቀው ግን ጨፌ ኦሮሚያን ነው። ጨፌውም የራሱ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት፤ ሕጎቹም የሚታተሙት በመገለተ ኦሮሚያ ነው። ስለ አንድ ሱቅ ሁለት ምክር ቤት ሊናገር ይችላል፤ ጥያቄው ግን ለትክክለኛው መቅረብ አለበት።

አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ

በሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሁሉ በልማድ «ሕግ» ይባላል። ነገር ግን ወረቀቶቹ እኩል አይደሉም። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ወይም ሌላው አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ነው። ደንብ ከአዋጅ፣ መመሪያም ከሁለቱ ሊወጣ አይገባውም። ባለሱቁን በየቀኑ የሚያገኘው ግን መመሪያው ነው፤ ቅጹ፣ ቀኑ፣ ቅጣቱ በዝርዝር የሚነገረው በእርሱ ነውና።

ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ማስታወቅና አስተያየት መቀበል አለበት። መመሪያው ከጸደቀ በኋላ መመዝገብና ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። በመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ወይም በመመሪያው ሕጋዊነት ላይ ቅር የተሰኘ ሰውም ሥርዓቱን ጠብቆ እስከ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ አቤት ለማለት ይችላል። አንድ ሹም «መመሪያ ነው» ሲል፣ «ቁጥሩ ስንት ነው? የት ተመዝግቧል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ እንግዲህ ድፍረት ሳይሆን መብት ነው።

ኮሚቴው የማይችለው

የሥልጣን ክፍፍል ለነጋዴው የሚጠቅመውን ያህል የሚያስገድደውም ነገር አለ። ተመራጩን ወይም የኮሚቴውን ሰብሳቢ «ቅጣቴን ሠርዝልኝ»፣ «በክርክሬ ለዳኛው ንገርልኝ» ብሎ መለመን አይገባም። ኮሚቴው በአንድ ሰው ላይ የተወሰነን ግብር መቀነስ አይችልም፤ ያ የአስፈጻሚውና የይግባኝ ሰሚው ሥራ ነው። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይንም መንካት አይችልም። በአንቀጽ 79 ዳኞች ሥራቸውን በሙሉ ነፃነት እንዲያካሂዱና ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመሩ ተደንግጓልና። ዛሬ ለአንዱ ነጋዴ ሲል ዳኛን የሚያዝዝ ተመራጭ ነገ ለተከራካሪው ሲል ያዝዘዋል። እንዲህ ሲሆን የቀድሞው የነጋድራስ ዘመን በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

በአንጻሩ ብዙ ነጋዴዎችን የሚያስቸግር የሕግ ጉድለት ቢገኝ፣ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት በጠቅላላው አሠራሩ ቢያጓድል፣ የኮሚቴው ጉዳይ ነው። ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ከተባለ ደግሞ በኢትዮጵያ ጥያቄውን የሚወስነው ፍርድ ቤት አይደለም፤ 11 አባሎች ባሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተጣርቶ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በዚህ ነገር የአገሪቱ ሥርዓት ከአሜሪካው ይለያል።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

የኮሚቴ አሠራር እንከን የለውም ማለት አይቻልም። አስቸኳይ ነው ተብሎ በቀረበበት ቀን የሚጸድቅ ረቂቅ አለ። የሕዝብ መድረኩ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ ነው፤ ነቀምቴ ደግሞ ከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፣ ደምቢ ዶሎ ከዚያም አብልጣ ትርቃለች። ጥሪው ሳይደርስ ስብሰባው ያልፋል። አንድ ባለሱቅ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊከታተል አይችልም፤ ሱቁን ማን ይጠብቅለታል?

ለዚህ ነው የንግድ ምክር ቤት የተፈለገው። በኢትዮጵያ የንግድ ምክር ቤት በሕግ ከታወቀ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። የአባሎቹን ሐሳብ ሰብስቦ ለመንግሥት ማቅረብ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነው። በየከተማው ያለው ምክር ቤት አንድ ጸሓፊ መድቦ ለቋሚ ኮሚቴዎች የሚመሩትን ረቂቆች ቢከታተል፣ ለአባሎቹ ቢያስታውቅና አስተያየታቸውን ቢያጠናቅር ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የጊምቢው አቅራቢ፣ የነቀምቴው ላኪና የሻምቡው የእህል ነጋዴ በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርሙ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ይፈጸማል።

የሚቀርበው ጽሑፍም ዓይነት አለው። «ግብሩ ከበደን፣ ጠፋን» ብሎ መጻፍ ኮሚቴውን ያሳዝነው ይሆናል እንጂ አይረዳውም። ኮሚቴው የሚፈልገው የሚያርምበትን ቃል ነው። ስለዚህ ጥሩ አስተያየት አራት ነገር ይይዛል፤ የአንቀጹን ቁጥር፣ የሚያስቸግረውን ቃል፣ በሒሳብ የሚያደርሰውን ጉዳትና በምትኩ ሊገባ የሚገባውን ቃል። እንበልና አንድ ረቂቅ ነጋዴዎች ሰነዳቸውን በ10 ቀን ውስጥ አዲስ አበባ እንዲያቀርቡ ቢያዝዝ፣ «ጊዜው አጠረ» ከማለት ይልቅ፣ ጭነቱ ከገጠር መጋዘን ተነሥቶ ሰነዱ እስኪሟላ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በቀን ቆጥሮ አስረድቶ፣ «10 ቀን የሚለው 30 ቀን ተብሎ ይስተካከል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ሁለት ገጽ የማይሞላ እንዲህ ያለ ወረቀት ሃያ ገጽ ከሞላ እሮሮ ይልቅ ይነበባል።

ደግሞም የወረዳውን ተመራጭ ማወቅ ይገባል። ተመራጩ በኮሚቴ አባል ከሆነ የትኛው ኮሚቴ ውስጥ እንዳለ መጠየቅ፣ ወደ ወረዳው በሚመለስበት ጊዜ ጽሑፉን በእጁ መስጠት ከማንኛውም ሩቅ ጉዞ ይቀላል። መራጩ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ በሕግ መሠረት ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል አንቀጽ 54 ይናገራል፤ ስለዚህ ተመራጩ የወረዳውን ነጋዴ መስማት ግዴታው ነው።

ይህን ሁሉ ለማጠቃለል፣ ነጋዴው አንድ ጉዳይ ሲያጋጥመው አስቀድሞ የሚከተለውን ይለይ።

ነገሩ ገና ረቂቅ አዋጅ ከሆነ፣ ወደ ቋሚ ኮሚቴው ይሂድ።

ረቂቅ መመሪያ ከሆነ፣ አስተያየቱን ለሚያወጣው መሥሪያ ቤት ይስጥ።

የጸደቀ ሕግ ሆኖ ለሁሉ የማይሠራ ከሆነ፣ በንግድ ምክር ቤቱ በኩል እንዲሻሻል ለሕግ አውጪው ያመልክት።

ሕጉ ደኅና ሆኖ የተፈጸመበት መንገድ በደል ከሆነ፣ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይና ለይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ይበል።

ክርክሩ ከሌላ ነጋዴ ጋር ከሆነ፣ ዳኛው ፍርድ ቤት ወይም በስምምነት የተመረጠ ሽማግሌ ነው እንጂ ተመራጩ ወይም አስተዳዳሪው አይደለም።

የበጀት ዓመቱ በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በጀቱና ከእርሱ ጋር የሚመጡት የግብር ረቂቆች ብዙውን ጊዜ የሚመረመሩት ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ቀን ለዕረፍት ከመበተኑ በፊት ነው። የወለጋ ክረምት በሚገባበትና ገበያ በሚቀዘቅዝበት በዚያ ወር ነጋዴው ጋዜጣውንና ዜናውን ከወትሮው አብልጦ ይከታተል። «ጀምበር ሳለ ሩጥ» እንደ ተባለ፣ ለሕግም ጀምበር አለውና።